በገናሽን አታላይው፣ እንዝራውን አውጪው

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ተከራይታ በገና የምትለማመደው እህታችን «ማታ ስደረድር ግቢው አልተኛ አለ፤ አውታሩን ላላላው ወይስ ጾሙ እስኪያልፍ ልተወው?» ብላለች።

እህቴ፣ አትተዪው፤ አውታሩንም አታላይው። የበግ አንጀት አንዴ ከላላ መልሶ እስኪረጋ ጊዜ ይፈጃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት እያላላሁ፣ በማግስቱ ደግሞ እየወጠርኩ ስቃኝ ብቻ ነበር የማመሸው፤ ልምምዱ ቀረ።

እንቅልፍ የሚነሳው እንዝራው ነው። በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መሃል የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ አውታሩን ከበርኩማው ገጽ በጥቂቱ ታነሳዋለች። ሲመታ እየተመላለሰ ገጹን ይነካል፤ ያ የምንወደው ንዝረት ከዚያ ይመጣል። ቆዳዋን ስታወጫት አውታሩ በርኩማው ላይ ጥብቅ ብሎ ይተኛል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ማታ ማታ ሁሉንም አውጥተሽ የጣት አካሄድሽን አጥኚ። ዜማውን ከእንዝራው ጋር ቀን አድርጊው፤ ጆሮሽ ያንን ንዝረት እንዳይረሳ። ስትመልሻቸው ግን ታገሺ፤ የጤፍ ቅንጣት ያህል ሳብ ወይም ገፋ ማድረግ ድምፁን ይለውጠዋል። ከ10ሩ አውታር የማትመቺያቸው፣ ጣት ማሳረፊያ የሆኑት፣ ስለማይጮኹ አትድከሚባቸው።

በጣትሽ ሥጋ እንጂ በጥፍርሽ አትምቺ። ገበቴውን፣ ማለትም በቆዳ የተሸፈነውን የበገናውን የድምፅ ሳጥን፣ ከሲሚንቶው ላይ አንስተሽ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጪው።

የአገራችንን አየር ደግሞ እወቂው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የገበቴው ቆዳ ደርቆ ይከራል፣ በገናው ይጮኻል። ሐምሌና ነሐሴ ርጥበት ስቦ ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። በክረምት የለመድሽው የጣት ኃይል በበጋ ይበዛል ማለት ነው።

እኔ የተከራየሁበት ቤት አከራዬ እናት «ልጄ፣ መዝሙሩን እወደዋለሁ፤ ንዝረቱ ግን ትራሴ ውስጥ ገባ» አሉኝ። ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ግራ ገባኝ። ለካ የሁለታችን ክፍል ኮርኒስ አንድ ኖሯል፤ ድምፁ በላይ በኩል ይሻገር ነበር። አልጋዬን ወደ እሳቸው ግድግዳ አስጠግቼ እኔ ወደ በሩ ዞርኩ፣ እንዝራውንም አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ቅሬታ አልሰማሁም።

ያንቺስ ኮርኒስ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው? እሱን ብትነግሪን የት ብትቀመጪ እንደሚሻል አብረን እናያለን።