አይዳን ማክበር ጥሩ ነው፤ ቀኑ ግን ኖቬምበር አይደለም

እህቴ፣ ለማኅበራችሁ የባህል ምሽት የኦፔራ መታሰቢያ ቀን ፈልገሽ «የቨርዲ ኦፔራ አይዳ ለስዊዝ ቦይ ምርቃት የተሠራች ስለሆነች ኖቬምበር 17 ይሁን ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምርጫሽ ግሩም ነው፤ ቀኑ ግን ሌላ ነው። (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቦዩ የተመረቀው ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ነው። የካይሮ ኦፔራ ቤትም የተከፈተው በዚያው ወር ነው፤ ያኔ የታየው ግን የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቨርዲ ሌላ ኦፔራ፣ ሪጎሌቶ ነበር። አይዳ ገና አልተጻፈችም። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል በ150 ሺህ ፍራንክ ያዘዛት ከዚያ በኋላ ነው። ለጃንዋሪ 1871 ታስባ ሳለ የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከበበ። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ ደግሞ እዚያው ፓሪስ ነው ያለው! በዚህ ምክንያት ዘግይታ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየች። ቨርዲ አልሄደም። እሱ የተጨነቀው ለሚላኖው ኦፔራ ቤት ለላ ስካላ ነበር፤ እዚያ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1872 ቀረበች።

ዲሴምበር 24 የፈረንጅ ገና ዋዜማ ነው፤ አዳራሽ አታገኙም። እኛ ስናዘጋጅ ወደ ፌብሩዋሪ 8 ወሰድነው፤ ማንም ቅር አላለው።

«ታሪኩ እውነት ነው ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይዳ ግብፅ ውስጥ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግን ፈጠራ ነው። መነሻውን የጻፈው ማሪየት የሚባል ፈረንሳዊ የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ አጥኚ ነው። ንጉሡን አሞናስሮ ብለውታል፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ።

እውነተኛው ታሪክ የመጣው ኋላ ነው። ይህን ኦፔራ ያዘዘው እስማኤል፣ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የምር ጦር ላከብን። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ድባቅ መቱት። መድረክ ላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ይነዳሉ፤ ጉራዕ ላይ የተማረኩት ግን የእሱ ወታደሮች ናቸው። የእኛ አዳራሽ ሞቅ ያለው ይህ ሲነገር ነው። የድል ሰልፉን ሙዚቃ ከማሰማታችሁ በፊት ተናገሩት፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሰልፉን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

በጋ ላይ ከፈለጋችሁ ኦገስት 10 አለላችሁ። በ1913 የቨርዲ 100ኛ የልደት ዓመት ሲከበር፣ በጣሊያኗ ቬሮና ከተማ በሚገኘው የሮማውያን አሬና (ጣሪያ የሌለው ጥንታዊ የትዕይንት ስፍራ) አይዳ ቀረበች፤ የአሬናው ፌስቲቫል የጀመረው ያኔ ነው። ሄደሽ ካየሽ ርካሹ ቦታ የድንጋዩ ደረጃ ነው፤ ትራስ ያዢ። የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉሽ አስቢበት።

ሙሉውን ለማሳየት አትሞክሩ፤ ሰው ይሰላቻል። ከሁለተኛው ገቢር ሰልፉን፣ ከሦስተኛው ደግሞ አይዳ አገሯን ዳግም እንደማታይ የምትዘፍነውን ውሰዱ። አሜሪካዊቷ የኦፔራ ዘፋኝ ሊዮንቲን ፕራይስ የዘፈነችውን ፈልጊ። በ1985 ከኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተሰናበተችውም በአይዳ ነው።