ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ጠይቁኝ

ቲኬት መቁረጥ ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ወላጆቻቸውን ወደ ዲሲ የሚያስመጡ ልጆች ብዙ ጠይቀውኛል። እዚሁ ልመልስላችሁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ከቦሌ እስከ ደለስ ኤርፖርት በቀጥታ ቢለካ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ስታካፍሉት 13 ሰዓት ግድም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስመጣ 16 ሰዓት አልፎ፣ ስመለስ ለምን 13 ሆነ? ምድር ስለምትዞር ነው ይሉኛል።

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስትመጣ ፊት ለፊት ይገጥምሃል፣ ስትመለስ ከኋላ ይገፋሃል። ትልቁ ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያጣሉ። ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ሲቀዳ ኖሯል፤ በቶጎዋ ሎሜ በኩል የሚሄድም አለ። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ሞልቶ ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

ጥያቄ፦ እማዬ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ነዳጅ ሲቀዳ ትወርዳለች?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይወርዱም፣ እህቴ። ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ደርሰናል ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንስተው የሚቆሙ እናቶች አሉ። እግራቸው እንዳያብጥም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ይራመዱ።

ጥያቄ፦ የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው 8?

መልስ፦ ሁለቱም። በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8። አሜሪካ ሰዓቷን ትቀይራለች፣ እኛ አንቀይርም።

ጥያቄ፦ ቲኬቱ ሐሙስ 00:30 ይላል። ሐሙስ ማታ ነው የምንሸኛቸው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ይህን በደንብ ያዙልኝ። የገዛ አክስቴ በዚህ ምክንያት ቀርታለች። ያኔ ሥራውን አልጀመርኩም ነበር። ሐሙስ ማታ ዘመድ ተሰብስቦ ራት በላ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድፎ ዳቦው ታሽጎ ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። አክስቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እስካሁን ይታየኛል።

ቲኬት ላይ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሐሙስ 00:30 ማለት ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሽኝቱ ረቡዕ ማታ ነው፤ ረቡዕ ከምሽቱ 3:30 ላይ ቦሌ ይድረሱ። ለወላጆቻችሁ ስትደውሉም ቁጥሩን አታንብቡላቸው። «ለሐሙስ አጥቢያ» በሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።