«ባክግራውንድ»ን ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሐበሻ ቀሚስ እያሰፋሁ በኢንስታግራምና በዋትስአፕ እሸጣለሁ። ስቶሪ በየቀኑ እለጥፋለሁ። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ «ሰማያዊ ጥለት» ብዬ የለጠፍኩትን ቀሚስ አዘዘች። ሲደርሳት «እኔ ያየሁት ውሃ ሰማያዊ ነው» ብላ መለሰችው። ስቶሪውን መልሼ ሳየው እውነቷን ነው። ከኋላ ያደረግኩት ጥቁር ቀለም ጥለቱን አፍክቶታል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። ባክግራውንድን በአማርኛ ምን ልበለው፣ ዳራ ወይስ ጀርባ? ፈካ ያለውንና ጠቆር ያለውን ቀለምስ እንግሊዝኛ ሳልቀላቅል እንዴት ልለየው? የምለጥፈውን ጽሑፍም ልኬልዎታለሁ፣ ቢያርሙልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቃል ባለመለየቱ ቀሚስ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። ያንቺ ጥያቄ የብዙ ነጋዴዎች ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ዳራ» ጥሩ ቃል ነው። ግን የለመደበት ቦታ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሰው ሁሉ «የጥናቱ ዳራ» የሚል ርዕስ ያውቃል። የአንድን ሰው ዳራ ስንጠይቅ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንዳደገ መጠየቃችን ነው። ለስልክም የሚጠቀሙበት አሉ፣ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን «የቀሚሱ ዳራ ነጭ ነው» ብትዪ፣ አንባቢሽ መጀመሪያ የሚመጣለት የቀሚሱ ታሪክ ነው።

«ጀርባ» ደግሞ ላንቺ ሥራ ጭራሽ አይሆንም። ሌላ ሰው ቢለው ችግር የለውም። አንቺ ግን ቀሚስ ነው የምትሸጪው። «ጀርባው ቀይ ነው» ያልሽ ዕለት ደንበኛሽ የቀሚሱ ጀርባ ቀይ መስሏት ታዝዛለች። ሁለተኛ ቀሚስ ተመለሰብሽ ማለት ነው።

እኔ የምመርጥልሽ «መደብ»ን ነው። ቃሉን ታውቂዋለሽ። የቀይ መስቀልን ዓርማ ስንገልጽ «በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል» እንላለን። ነጩ ከሥር የተነጠፈው፣ ቀዩ ከላይ የተቀመጠው ነው። ያንቺም ስቶሪ እንደዚሁ ነው። ከሥር መደብ አለ፣ ከላይ ቀሚሱና ጽሑፉ አለ።

መደብ ሌላም ትርጉም አለው ብለሽ እንዳትሰጊ። በገጠር ቤት ግድግዳውን ተጠግቶ ከጭቃ የሚሠራው መቀመጫ መደብ ነው። ሰላጣ የሚተከልበት የጓሮ እርከን መደብ ነው። ሰዋስው ላይም አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ እያልን ተምረናል። ልብ በይ፣ መቀመጫውም የአትክልቱም ሌላ ነገር የሚያርፍበት ወለል ነው። ቃሉ ለቀለም ሲውል ከዚህ ስሜቱ አልራቀም። ጥቅሙም ለሁለቱም መሆኑ ነው። «የስቶሪው መደብ» ትያለሽ፣ «የቀሚሱ መደብ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴ» ትያለሽ። ማንም አይደናገርም።

«ስቶሪ»ን ግን እንዳለ ተዪው። አንዳንዶች «ታሪክ» ሊሉት ይሞክራሉ። ታሪክ የሚቀር ነገር ነው። ስቶሪ በ24 ሰዓት ይጠፋል። ኢንስታግራም ይህን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ስሙም ከነገሩ ጋር አብሮ ገባ። «ስቶሪ ለጠፍኩ»፣ «ስቶሪ ላይ አየሁት» እያለ ሰው አማርኛ አድርጎታል። «ከስተማይዝ ማድረግ» ግን አያስፈልግሽም። «ማበጀት» አለልን። ሰው ሥራ አሳምሮ ሲሠራ «አበጀህ!»፣ «አበጀሽ!» እንል የለ? ያው ግስ ነው። መደቡን እንደ ፍላጎትሽ አበጀሽው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ቀለሞቹ ልምጣ። ጭንቀትሽ በእውነት ያለው እዚህ ነው።

አማርኛ ቀለም አይለይም የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ስለ ሰው መልክ ስናወራ ስሚን። ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ፀጉር «ገብስማ» እንለዋለን። ለፈረስ ደግሞ ዳማ፣ ዳለቻ፣ አምባላይ እንላለን። ዳለቻ በኦሮምኛም «ዳላቻ» ነው፣ ግራጫ ማለት። በኮዬ ፈጬ ጎረቤቶችሽን ብትጠይቂ ወዲያው ይነግሩሻል። ዓይናችን ለይቷል፣ አፋችንም ቃል አግኝቷል። ያንኑ ወደ ቀሚስ ማምጣት ነው የቀረው።

አንደኛው መንገድ «ያለ» ነው። አንቺም በጥያቄሽ ሳታስቢው ተጠቅመሽበታል። «ፈካ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ» ብለሻል። ቀላ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ደመቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ሁሉም በዚሁ ይሄዳል። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር «ቀላ»፣ «ነጣ»፣ «ጠቆረ» የሚል ግስ ስላላቸው በቀላሉ ይታጠፋሉ። ሰማያዊና አረንጓዴ ግን እንዲህ ያለ ግስ የላቸውም። «ሰማየ ያለ» አንልም። ለእነዚህ «ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ»፣ «ጠቆር ያለ ሰማያዊ» ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከነገር ስም ማውጣት ነው። ሰማያዊ ራሱ ከሰማይ የወጣ ነው። በግእዝ አካሄድ «-አዊ» ተጨመረበት። የራሳችን የአማርኛ መንገድ ደግሞ «-ማ» ነው። ቡና ብሎ ቡናማ፣ ወርቅ ብሎ ወርቃማ፣ ብርቱካን ብሎ ብርቱካናማ፣ አመድ ብሎ አመድማ። ይህ በር ዛሬም ክፍት ነው። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባ ይሞላል። የአደይ ቢጫ የሎሚ ቢጫ አይደለም፣ ሞቅ ይላል፣ ወደ ወርቅ ያደላል። «የአደይ ቢጫ ጥለት» ብለሽ ብትለጥፊ ማን ኢትዮጵያዊ ይሳሳታል? የሎሚ ቢጫ ስትዪም እንዲሁ ነው፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴ የሚነካካው በዓይናችን ይመጣል።

ከ«ሐምራዊ» ግን ተጠንቀቂ። አንዱ ሲሰማው ወይን ጠጅ ያያል፣ ሌላው ሮዝ። ለሽያጭ «ወይን ጠጅ» ወይም «ሮዝ» በይና ተገላገዪ።

ሁለት ቀለም ስታጣምሪ «በ» አለችልሽ። የከተማችን ሚኒባስ ታክሲ «ሰማያዊ በነጭ» ይባል የለ? ቀለሞቹ ብዙ ሲሆኑና አንዱ ወደ ሌላው እየቀለጠ ሲሄድ ደግሞ «የማርያም መቀነት» በይው፣ ያማረ ስም ነው። ለንድፎቹም ቃል አለን። ጠቃጠቆ፣ ዝንጉርጉር፣ ቡራቡሬ፣ መስመራማ። እነዚህን የመደብ ዓይነት ስትመርጪ ብትጠቀሚባቸው ደስ ይለኛል፣ ግን ከጽሑፍ ሥር ዝንጉርጉር መደብ አታድርጊ።

ምክንያቱን ላሳይሽ። ፊደላችን ትርጉም የሚለየው በጥቃቅን ጭረት ነው። «ልብስ» እና «ልበስ» ብለሽ ጻፊ። አንዱ ዕቃ ነው፣ አንዱ ትእዛዝ ነው። የሚለያዩት መካከል ላይ ባለው ፊደል ነው፣ «ብ» ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት «በ» ላይ የለችም። ቡራቡሬ መደብ ላይ ይህች ጭረት ትዋጣለች። ቢጫ ፊደል በነጭ መደብ ላይም እንደዚያው ይጠፋል። ፊደሉ ነጭ ከሆነ መደቡ ይጥቆር፣ ፊደሉ ጥቁር ከሆነ መደቡ ይንጣ።

አሠራሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቢሆንም አንድ ነገር ልጠቁም። ከገጽሽ ያለውን ፎቶ ወደ ስቶሪ ስታጋሪ ኢንስታግራም ራሱ ከፎቶው የሚቀራረብ ቀለም መርጦ ዙሪያውን ይሞላዋል። ካልወደድሽው የመሳያውን ብዕር ክፈቺ፣ ቀለም ምረጪ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ትንሽ ቆዪ። መደቡ በሙሉ በዚያ ቀለም ይሞላል። እዚያው በካሜራ ያነሣሽው ፎቶ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፣ ቀለሙ ፎቶውንም ይሸፍነዋል። የዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ የምትመስለው ምልክት ደግሞ ከፎቶው ላይ ቀለም ትቀዳልሻለች። በዋትስአፕ ጽሑፍ ብቻ ስትለጥፊ የሠዓሊ ገበታ የምትመስለውን ምልክት በነካሽ ቁጥር መደቡ ይቀየራል።

ያንቺ ጥለት የፈካው ዓይን ቀለምን ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ስለሚያይ ነው። አንዱ ሰማያዊ በጥቁር መደብ ላይ ሲቀመጥ ፈካ ይላል፣ በነጭ ላይ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ለሽያጭ ፎቶ ነጣ ያለ አመድማ መደብ ብታደርጊ ይሻላል። ቀለሙን ብዙም አይነካውም።

የላክሽልኝ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ኒው ዲዛይን! ባክግራውንዱ ኋይት፣ ጥለቱ ብሉ ከለር። ኢንቦክስ አድርጉን።»

እኔ እንዲህ አደረግኩት፦ «አዲስ ገባ! መደቡ ነጭ፣ ጥለቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የአደይ ቢጫ መስመር አለው። ኢንቦክስ አድርጉን።»

ቢጫውን መስመር ፎቶው ላይ አይቼው ነው፣ አንቺ ሳትጠቅሺው አልፈሽዋል። «ኢንቦክስ አድርጉን» የሚለውን ግን አልነካሁትም። ደንበኞችሽ የሚያውቁት እሱን ነው።