የ1921 የሞርጋን ዶላር፦ የተጠራልዎት ዋጋ ተገቢ ነው ወይ?

ሻጩ «መቶ ዓመት ያለፈው ነው» ብሎ ለእ.ኤ.አ. 1921ዱ የሞርጋን ዶላር (ከብር ማዕድን ለተሠራው የአሜሪካ ሳንቲም) የጠራልዎት ዋጋ ተገቢ መሆኑን ለማወቅ፣ በቅድሚያ በውስጡ ያለውን ብር ያስሉ። ሳንቲሙ ሲመታ 26.73 ግራም ይመዝን ነበር፤ 90 በመቶው ንጹሕ ብር በመሆኑ፣ የዕለቱን የአንድ ትሮይ አውንስ (31.1 ግራም ገደማ) ብር ዋጋ በ0.7734 ሲያባዙ የብሩን ዋጋ ያገኛሉ።

በዚያ ዓመት በፊላዴልፊያው የሳንቲም ማምረቻ ብቻ ከ44 ሚሊዮን በላይ ስለተመታ፣ ዕድሜው ብቻውን ዋጋ አይጨምርለትም። በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ፀጉር ዝርዝር በአገልግሎት ብዛት ከጠፋ፣ ከብሩ ዋጋ ጥቂት ከፍ ያለ ክፍያ ይበቃዋል። ፈጽሞ ያልተገለገሉበት ከሆነ የበለጠ ያወጣል፤ ለዚያም ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን ተመሳሳዩ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከቱ።

ከልምዴ አንድ ነገር ላሳስብዎ። ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሳንቲም አያማልልዎ። በማጉያ መነጽር ሲያዩት በሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ካሉበት፣ ተወልውሏል ማለት ነው፤ ሰብሳቢዎችም ለእንዲህ ያለው ሙሉ ዋጋ አይከፍሉም። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ሐሰተኛ ነው። ሻጩ በሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡት ካልፈቀደልዎ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።