በእህቴ ባል ንግድ ፈቃድ ካልሲ ልሽጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ማታ ማታ ፔዳ ግቢ አካባቢ ሸራ ዘርግቼ ካልሲ፣ ታይትና ስቶኪንግ እሸጣለሁ። ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ጠቅልሎ መሮጥ ሰለቸኝ። አሁን ቀበሌ 14 አካባቢ ትንሽ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ ያለው ተከራይ ሊለቅ ነው፣ የቁልፍ ክፈይኝ ብሎኛል። የእህቴ ባል የልብስ ንግድ ፈቃድ አለው፤ «ምን አደከመሽ፣ በእኔ ሥሪ» ይለኛል። ቤይሩት ያለችው አክስቴ 80 ሺህ ብር ልካልኛለች፤ «ትርፉን እንካፈላለን» ነው ያለችው፣ ወረቀት የለንም። ሱቁን «ጣና ካልሲ» ልለው አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፈቃዱ የእህትሽ ባል ነው። ሱቁ የማን እንደሆነ ገና አላወቅንም። ብሩ የአክስትሽ ነው። ያንቺ የሆነው ሸራው ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱንም በሩጫ እያዳንሽው። ስለዚህ ለጥያቄሽ ሁሉ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?

ከፈቃዱ እንጀምር። አይሆንም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትንም ማከራየትንም ይከለክላል። የእህት ባል መሆኑ ምንም አይለውጥም። እሱ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ አንቺ ደግሞ ያለ ፈቃድ እንደነገድሽ ነው የምትቆጠሪው፣ ያ ደግሞ ዕቃ ያስወርሳል፣ ያስቀጣል፣ ያሳስራል።

ሕጉን እንተወውና ኑሮውን እንየው። በሱ ፈቃድ ስትሠሪ ሽያጩ የሚመዘገበው በሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ግብር ሲመጣ በሱ ስም ይመጣል፤ ያኔ «ይሄ የኔ አይደለም፣ የሷ ነው» «ኧረ ያንተ ነው» ትባባላላችሁ። ባንክ ተበድሮ ባይከፍልስ? አበዳሪው ሱቁን ሲያሳግድ መደርደሪያው ላይ ያለው ካልሲ ያንቺ መሆኑን በምን ታስረጃለሽ? አይበለውና እሱና እህትሽ ቢፋቱም፣ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢሆን እንኳን። ደርዘን ደርዘን አድርገሽ ያመጣሽው ታይት በሰው ፍቺ መሐል ሲቆጠር አስቢው። እህትሽንም ከባሏና ካንቺ መሐል ታስቀምጫታለሽ። ሰውየው በቅንነት ነው ያለው፣ አልጠራጠርም። ግን በሰው ወርቅ አይደምቁም።

ግብሩን ፈርተሽ ከሆነ ደግሞ የሚነገርሽን ሁሉ አትመኚ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። የድሮው የትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ደረጃ፣ ደረጃ «ሐ»፣ ቀርቷል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ አሁን ደረጃ «ለ» ውስጥ ነው። ጎረቤት ነጋዴ «500 ሺህ ካልሞላሽ እኮ...» ብሎ ሲጀምርልሽ የድሮውን እያወራ ነው። የምትሸጪውን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ። ደብተር የሌለው ነጋዴ በግምት ሲከፍል ነው የሚያለቅሰው።

አሁን ወደ ሱቁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የቁልፍ የጠየቀሽ ተከራዩ ነው ብለሻል። ተከራይ ቤት አይሰጥም፤ ሊሰጥሽ የሚችለው የራሱን መልቀቅ ብቻ ነው። ለሱ ብሩን ቆጥረሽ ከሰጠሽ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ «አንቺን አላውቅሽም» ቢልሽ፣ በቁልፍ የከፈልሽው ባለቤቱን አያስገድድም፤ ብሩን ከተከራዩ ለማስመለስም ሌላ ክርክር ነው የሚጠብቅሽ። መጀመሪያ ባለቤቱን አግኚ። ካርታውንና መታወቂያውን እዪ፣ ስሞቹ ይመሳሰሉ እንደሆነ አስተያዪ። የቀበሌ ቤት ከሆነማ ከተከራዩ ጋር ምንም ከመስማማትሽ በፊት ክፍለ ከተማ ሄደሽ ጠይቂ። የግድ የቁልፍ የምትከፍዪ ከሆነም ባለቤቱ ባለበት፣ በጽሑፍ፣ ከአዲሱ የኪራይ ውል ጋር አብሮ ይሁን።

ሌላ ደግሞ አለ። «የኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ አከራይ ዝም ብሎ አይጨምርም» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እሱ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው። ሱቅን አይነካም። የሱቅ ኪራይ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላችሁ ነው የሚገዛው፤ ውሉ ውስጥ ያልጻፍሽው ነገር ደግሞ አይጠብቅሽም። ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ጭማሪው መቼና በስንት በመቶ እንደሆነ፣ ውጪ ስትባዪ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥሽ፣ መደርደሪያውን ያሠራሽው አንቺ ከሆንሽ ነቅለሽ መውሰድ መቻልሽን ሁሉ ጻፉት። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡት። ለፈቃዱም አድራሻ ስለምትጠየቂ ያው ውል ያገለግልሻል። ፋይዳሽንም ይዘሽ ሂጂ።

ፈቃዱን በራስሽ ስም ስታወጪ የችርቻሮ መሆኑን ልብ በዪ። ነገ ሥራው ሞቅ ብሎ ለጎንደር ወይም ለደብረ ታቦር ቡቲኮች በደርዘን ማከፋፈል ብትጀምሪ ያ ጅምላ ነው፣ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። እድሳቱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ካለፈ በቅጣት ነው። ያለ ግብር ክሊራንስ አይታደስም።

አክስትሽ። ዘመድ ለዘመድ ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለናል። እኔ ግን በሥራዬ ያየሁት፣ ዘመድን ያጣላው ወረቀት ሳይሆን የወረቀት አለመኖር ነው። የላከችልሽ 80 ሺህ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? «ትርፉን እንካፈላለን» ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። የባንኩ ደረሰኝ ብሩ መድረሱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም።

ብድር ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። አዎ፣ 500 ብር ነው፤ ሕጉ የ1952 ነው፣ ያኔ 500 ብር ብር ነበር። «ለአክስቴ እንጂ ለኔ ምን ያስጨንቀኛል» እንዳትዪ። አንቺም ከፍለሽ ስትጨርሺ መክፈልሽን የምታሳዪበት ያስፈልግሻል። ደግነቱ ቀላል ነው። ግዴታ የምትገቢው አንቺ ስለሆንሽ እዚሁ ሁለት ምስክር አስቀምጠሽ ትፈርሚና ለአክስትሽ ትልኪላታለሽ። ወለድ ካልተስማማችሁ ወለድ የለም፤ ብትስማሙም ከ12 በመቶ በላይ አይሆንም።

የምር ትርፍና ኪሳራ የምትካፈሉ ከሆነ ግን ነገሩ ማኅበር ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የእሽሙር ማኅበር የሚለው አለ፤ አይመዘገብም፣ ለውጭ ሰው አይታወቅም፣ ከደንበኛና ከአቅራቢ ጋር የምትታወቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለእናንተ የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። ግን ሲከስርስ? አክስትሽ የሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ብር ነው የላከችው፤ ይሄን ጥያቄ አሁን በስልክ ጠይቂያት፣ መልሷንም ጻፉት። ለአንድ ካልሲ ቤት ብሎ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ግን ለጊዜው አይታየኝም።

ዕቃውን በተመለከተ አጭር ነው። የምትገዢበት ደረሰኝ በስምሽ ይሁን። በመተማ በኩል ገብቶ በርካሽ የሚቀርብልሽን አትንኪ፤ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ ያስገባው ብቻ ሳይሆን የገዛውም ያስቀመጠውም ይጠየቃል። የታወቀ ስፖርት ምልክት የታተመበት አስመስሎ የተሠራ ካልሲም እንደዚያው ነገር ያመጣብሻል። (በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ካልሲ ከመርካቶ ማስጫኗ ሁሌ ይገርመኛል፤ እሱ እንኳን የሕግ ጥያቄ አይደለም።)

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለመለጠፍ ካሰብሽም ተዪው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ የማለት መብት አለው። እኔ ራሴ ባለፈው የገዛሁት ካልሲ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ተገኝቷል፤ ያ ጉድለት ነው። ደንበኛዋ ስትለብስ በጥፍሯ የተረተረችው ስቶኪንግ ግን ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ከማሸግሽ በፊት ፊት ለፊቷ ዘርግተሽ አሳያት። ዋጋውንም ለጥፊ።

ስሙን በተመለከተ፣ «ጣና» እዚህ ከተማ ውስጥ ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ንግድ ስሙ ተይዞ ከሆነ ስታስመዘግቢ ይነገርሻል፣ ሁለት ሦስት አማራጭ ይዘሽ ሂጂ። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ግን አንድ አይደሉም። አንድ ቀን በራስሽ ምልክት ካልሲ ማሠራት ከጀመርሽ ምልክቱ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አዲስ አበባ ባለው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው የሚመዘገበው፤ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ለአሁኑ የሚያጣድፍ አይደለም። ብቻ ስሙ ሳይጸድቅልሽ ታፔላ እንዳታሠሪ፤ ታፔላ ሠሪው በ15 ቀን ብር አይመልስልሽም፣ ምክንያቱም ጉድለቱ ከሱ አይደለም።