«አደረግኩት» ስትሉ ምኑን?

አንዲት አንባቢ «ፈረንጆቹ ሲሳካላቸው ‹አይ ሜድ ኢት› ይላሉ፣ ፊልም ላይ ሰብታይትሉ ‹አደረግኩት› ይለዋል፣ ልክ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም እህቴ፣ እኔም በዚህ ነገር ስንገበገብ ነው የከረምኩት። በቀደም የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ኬኩ ላይ በክሬም «አደረኩት!» ተብሎ ተጽፎ አየሁና ምኑን? አልኩ («ግ»ን ማን እንደዋጣት ደሞ ሌላ ጉድ ነው)።

«ሜክ» እዚህ ጋ መሥራትም ማድረግም አይደለም። የእንግሊዝ መርከበኞች ድሮ ወደብ ሲደርሱም በዚሁ ቃል ነበር የሚናገሩት፣ መድረስ ነው ነገሩ። ሐኪሙ ስለ በሽተኛው «ሂ ዎንት ሜክ ኢት» ቢል «አያደርገውም» ልትይ ነው? አይተርፍም ነው እንጂ።

የኛ ቆንጆው «አለፈለት» ነው። «አለፈ» ብቻ ካልሽ ወይ ፈተናውን ነው ወይ ሰውየው ሞቷል፣ «ለት»ን ስትቀጥይበት ግን ኑሮው ተቃናለት ማለት ሆነ! ያለፈው እሱ አይደለማ፣ ክፉ ቀኑ ነው፤ ባለቤቱ ቀኑ ሆኖ ሰውየው «ለ» ላይ ተንጠልጥሏል። ሆነለት፣ ሞላለት፣ ሰመረለት፣ ተሳካለት ሁሉም እንደዛ ናቸው፣ ተሳካ ራሱ እኮ ከ«ሰካ» የመጣ ነው፣ አንዱ ካንዱ ገጠመ እንደማለት። ለምርቃት ደሞ «ለዚህ በቃሁ» አለልሽ፣ በቃ በግዕዙ «በቍዐ» ነው፣ ጠቀመ፣ ረባ፣ እንግዲህ ከመጥቀም ተነስቶ መብቃት ላይ ደረሰ፣ እናቶቻችን «ለዚህ ያበቃኸኝ ተመስገን» ሲሉ ይሄን ሁሉ ይዘው ነው።

«ቋንቋ ያድጋል፣ ደሞ ይሄ ‹ለት ለት› የሚሉት ነገር የሰውየውን ልፋት ይደብቃል፣ ወጣቱ እኔ ነኝ ማለት አለበት» የሚሉኝ አሉ። ይበል! «ቻልኩት» የት ሄዶ ነው? «ተወጣሁት»ስ? ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ፣ ኬክ ላይም ይጻፋሉ።

እርግጥ ነው ኳስ ስናሸንፍ ሰፈሩ ሁሉ «አደረግነውውው!» ሲል እኔም አብሬ ጮኬያለሁ፣ በዚህ አያያዙ መዝገበ ቃላት መግባቱ አይቀርም፣ ይግባ፣ እኔ ግን አልወደውም። ኬኩን ግን በልቻለሁ፣ «ኩት!» ያለበት በኩል ነው የደረሰኝ።