የእማማ ምጣድና የእኔ ሪፖርት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ኢንጂነር «ጋሼ፣ ግድቡም አለቀ። ከእንግዲህ በኢነርጂ ዘርፍ ለእኛ ምን ሥራ ቀረ?» አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂው ከወጣ ገና ዓመቱ ነበር። በአጭር ጊዜ 9 ሚሊዮን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይዳረስ ተብሏል። እኛም «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ በአይሱዙ ጭነን በየገጠሩ እንዞራለን። በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ማገዶን በግማሽ ገደማ የሚቀንስ፣ እውነትም ምርጥ ነው። አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ሰምጠን መኪናው ጥቁር ጭሱን ሲተፋው ሾፌራችን «ይኼውላችሁ አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ብሎ በሳቅ ገደለን።

አንዲት እናት ቤት ገባን። ምድጃውን ገጣጠምኩላቸው። እማማ ምጣዳቸውን አምጥተው ጫን አደረጉት። አራት ጣት ያህል ተርፎ ወጣ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የእንጀራዬን ዳር ጥሬ ያደርግብኛል።»

ልክ ነበሩ። እኔ ግን ኮታ ነበረብኝ። «ይለምዱታል እማማ» አልኩና ቅጹ ላይ «በሥራ ላይ» የሚለው ጋ ራይት አደረግሁ።

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 መከልከሉንም እደግፋለሁ። ግን አብዛኛው የገጠር ቤት ዛሬም በእንጨት ነው የሚጋግረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ሶላር አምፖል ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች፤ ምጣድ ግን አትችልም። ሥራ የለም ላልከኝ፣ ይኸው።

እናንተ ልጆች ደግሞ የሪፖርቱን ቁጥር በቀለም የሚያሳየውን የኮምፒውተር ዳሽቦርድ ስትወዱ! አረንጓዴ ከበራ ሁሉ ሰላም ይመስላችኋል። ሪፖርት አልወድም። ሪፖርት የማይጽፍ ባለሙያም አልወድም፤ በጀቱ በምን ይምጣ? ብቻ ሜትር ያዙ። ምጣዱን ለኩ።

ያኔ ምድጃውን በገጠምኩ በዓመቱ እማማ ቤት ተመልሼ ነበር። ጓዳው በጭስ ታፍኗል። ሦስቱ ጉልቻ ቦታቸው ላይ ናቸው። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» ብለው አጎዛ የለበሰ መቀመጫ አሳዩኝ። ስቀመጥ ቆረቆረኝ። አጎዛውን ገለጥ ባደርገው ምድጃዬ ነው። ቡናዬን እስከ ሦስተኛው ጠጥቼ ወጣሁ። ቅጹን ግን አላረምኩትም።